ባንዲራው እንዳይወርድ

ሊውታን መንደር፣ 10ኛው ወር፣ ቀን 9፣ 1993

ለተከበሩ የፈረቃችን አለቃ ወንድም ጋሼ ጋይ ዮንግፉ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ቀጥሎ ይቅርታ። ይቅርታው ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን በስምንት ቁጥር የነዳጅ መድረክ ላይ ላሉት የፈረቃችን ልጆች በሙሉ ነው። ቁፋሮው እንዲህ በተጣደፈበት ሰዓት፣ ያውም ባሕር መሀል፣ እግሬን ሰብሬ አንድ ሰው ስላጎደልኩባችሁ አፍሬያለሁ። እባክዎ ራት ላይ ሁሉም ባሉበት ይንገሩልኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ሆስፒታል ያልኩት እንደተነጋገርነው ነው። «ፈቃድ ወጥቼ መንደሬ ሳለሁ ግድቡ ላይ ከብስክሌት ወደቅኩ» አልኩ። ሐኪሙ ምላሱ የሰላ ሽማግሌ ነው። የአጥንቱን ፎቶ ወደ መብራት አንስቶ አየና፣ «ብስክሌቱ ስንት ጎማ ነበረው ልጄ? ከባድ መኪና እንዳይሆን» አለኝ። ሩዪንግ ሳቀች። የሚስት ነገር፣ ባሏ ተሰብሮም ትስቃለች። ሐኪሙ ግን እንዳልኩት ጻፈው።

ስለ ሌላው ነገር፣ ስለ ቫልቩ፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለሩዪንግም ቢሆን።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። ባንዲራው አለ? ሩዪንግ፣ «እግርህ ለሁለት ተሰብሮ ስለ ጨርቅ ትጨነቃለህ?» ትለኛለች። እሷ ምን ታውቃለች! ያ የምርጥ ፈረቃ ቀይ ባንዲራ ከሌላው ፈረቃ ተወስዶ በእኛ ምግብ አዳራሽ በር ላይ የተሰቀለ ዕለት የነበረውን ጭፈራ አላየች። አንድ ሰው ተጎዳ ከተባለ፣ ወይ ዘይት ባሕር ነካ ከተባለ ባንዲራው እንደሚወርድ፣ ማበረታቻውም የሁሉም እንደሚቀር አታውቅም። በእኔ እግር የተነሳ የልጆቹ የዓመት በዓል እንዲበላሽ አልፈልግም።

እግሬን የጠቀለሉበትን ካፖርትዎን ሩዪንግ ደጋግማ አጥባዋለች። ደሙ ለቋል፣ ዘይቱ ግን እምቢ ብሏል። ሌላ እስክንገዛልዎ ይታገሱን።

ታናሽ ወንድምዎ ሉዋን ቼንግቢን


ስምንት ቁጥር መድረክ፣ 10ኛው ወር፣ ቀን 17

ቼንግቢን ወንድሜ፣

አንተ ጅል፣ እግሩ ተሰብሮ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ካንተ ሌላ አላየሁም! ደብዳቤህን ለልጆቹ አነበብኩላቸው። ወጥ ቤቱ ሹፋን አፍንጫውን በሽርጡ ጠረገና «ሽንኩርት ነው» አለ። ሽንኩርት አልነበረም።

ባንዲራው አለ። እንዲያውም አቧራውን አራግፌ ቀጥ አድርጌ ሰቅየዋለሁ። ማንም አልጠረጠረም። ፈቃድ ላይ እንደነበርክ ለዋናው ቢሮ ነግሬአለሁ፣ ቀኑም ተስተካክሏል። ለመድኃኒትህ ልጆቹ እያዋጡ ነው፣ በሚቀጥለው ጀልባ ይደርስሃል። እግርህ ሲጠነክር ደግሞ ታንጉ ወደብ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠህ የምትሠራው ሥራ አለ፤ ለአለቃው ጠቆም አድርጌዋለሁ። ገመድ እየቆጠርክ ሻይ ትጠጣለህ፣ እኛ እዚህ በረዶ ስንልስ ትስቅብናለህ።

በደብዳቤህ ጠርዝ ላይ አጣበህ ስለጠየቅከኝ ነገር። የለም፣ ወደ እናንተ ዳርቻ አይሄድም። የዚያን ዕለት ነፋሱ ከየብስ ነበር። ባሕር ሰፊ ነው ወንድሜ፣ ስንቱን ውጦ ዝም ያለ ነው። ያንተ ሥራ መተኛትና የአጥንት ሾርባ መጠጣት ብቻ ነው። ለመንደሩ ሰው ምንም አትበል። ካፖርቱንም ተወው፣ ያንተ ይሁን።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአልጋዬ በላይ ያለው አልጋ ላይ ስታንኮራፋ ኖረህ፣ አሁን ጸጥታው እንቅልፍ ነሳኝ። ቶሎ ዳን።

ታላቅህ ዮንግፉ


ሊውታን፣ 11ኛው ወር፣ ቀን 2

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበቱ? የላኩት ደርሶኛል፣ ሹፋንንም ሌሎቹንም ያመስግኑልኝ። አይ፣ ለማንም አልነገርኩም። ደጋግመው ስለጠየቁኝ ደጋግሜ እመልሳለሁ፣ አልነገርኩም።

ግን ደርሷል። ነፋሱ ከየብስ ቢሆንም ውሃው የራሱ መንገድ አለው። ያኔም ይህንኑ ነበር ያልኩዎት።

ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ዛጎል ሊለቅሙ ወደ ጭቃው ወረዱ። እኔ በመስኮት አያለሁ፤ ካልጋ የማይነሳ ሰው ሥራው ይኸው ነው። ጎንበስ ብለው ጀመሩ፣ ቀና አሉ፣ ከዚያ ማንም አልጎነበሰም። ሲመለሱ እስከ ጉልበታቸው ጥቁር ናቸው። ዛጎሉ አፉን ከፍቶ ሞቷል፣ በፀደይ የተዘራው ትንንሹም ሳይቀር። እትዬ ሚያውን ያውቋቸዋል፣ በሠርጌ ዕለት በመጠጥ ያሸነፉዎት ሴትዮ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ጭቃ ነው። እጃቸውን ሳይታጠቡ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«አንተ የባሕር ሰው ነህ፣ ይሄ ምንድነው?» አሉኝ፣ መዳፋቸውን አፍንጫዬ ሥር ዘርግተው።

ሽታውን አወቅሁት። ሩዪንግ ልታስለቅቀው ያልቻለችው የካፖርትዎ ሽታ ነው። «ያለፈ መርከብ ይሆናል እትዬ» አልኩ። «መርከብ ከሆነማ ማንን ይከሷል» ብለው ሄዱ። አመኑኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድም ጋሼ፣ እርስዎ ቢናገሩ ይሻላል። «የቆሻሻ ዘይት ጋኑ ሞልቶብን ነበር፣ ተሳሳትን» ቢሉ ባንዲራው ይሄዳል፣ ሰው ግን አይሞትም። ካሳ ይከፈላል፣ ዘርም ይገዛል። ነገሩን ከእርስዎ ቀድሜ መናገር ነውር ስለሆነብኝ ነው የምጽፍልዎ።

ሌላው፣ እግሬ ጠምሞ ስለገጠመ እንደገና ተሰብሮ መጠገን አለበት ብለዋል። ከብስክሌት የወደቀ ሰው የሚታከመው በራሱ ኪስ ነው አሉ። እሱን ለማማረር አይደለም የጻፍኩት።

ቼንግቢን


ስምንት ቁጥር መድረክ፣ 11ኛው ወር፣ ቀን 15

ለውድ ወንድሜ ቼንግቢን፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ሩዪንግስ እንዴት ናት? እናትህ ሳላቸው ተሻላቸው? የናንተ ሰፈር ብርድ እንዴት ነው? እዚህ የደረጃውን ብረት የያዘ እጅ ተጣብቆ ይቀራል። ባለቤቴ ሰላም ብላሃለች። ሹፋንም ሰላም ብሎሃል። ሁሉም ሰላም ብለውሃል።

ደብዳቤህ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ከባሕር ጥበቃ ቢሮ ሰዎች መጥተው ነበር። መሪያቸው ሴት ናት፣ ብዙ ትጠይቃለች። ማንም የማንንም ስም አልጠራም።

ከወሬ ተጠበቅ። ምንም ነገር ብትሰማ እኔን እስክታገኘኝ ድረስ አትመን። ፈቃድ እንዳገኘሁ ራሴ እመጣለሁ። ደረቅ ሽሪምፕ ልኬልሃለሁ፣ ለሾርባው ይሆናል።

ዮንግፉ


ሊውታን፣ 12ኛው ወር፣ ቀን 3

ጋይ ዮንግፉ፣

ጤናህን አልጠይቅም። «እርስዎ» ማለቱንም ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ።

ማን ነገረህ ብትል፣ የመንደሩ ድምፅ ማጉያ ነገረኝ። ጠዋት ጠዋት ዘፈንና የአየር ሁኔታ የሚያሰማው፣ እንጨት ላይ የተሰቀለው ያ ቀፎ። ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገና አነበበ፦ ዳርቻችንን የበከለው ዘይት ከስምንት ቁጥር መድረክ የወጣ ነው፤ ምክንያቱም ሠራተኛው ሉዋን ቼንግቢን የቆሻሻ ጋኑን ቫልቭ ሳይዘጋ በመርሳቱ ነው። ስሜን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ነፋስ ስለነበር እንዳያመልጣቸው ብሎ ይሆናል።

ሩዪንግ ሊጥ እያቦካች ነበር። እጇን ከሊጡ ሳታወጣ፣ «እውነት ነው?» አለች። አንድ ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ተቀምጦ ሚስቱን ማስረዳት ምን እንደሆነ አይድረስብህ። በነጋታው በሩን ስትከፍት አልከፈት አላት። ውጪው በሞተ ዛጎል ተሞልቷል። ቅርጫት በቅርጫት አምጥተው ደጃፋችን ላይ ደፍተውታል፣ እስከ ደፉ ድረስ። ግማቱን ልነግርህ አልችልም። እናቴ ቀኑን ሙሉ በአካፋ ስትዝቅ ዋለች፣ ማንም አላገዛትም። ማታ ገብታ፣ «እግርህን ሰጠሃቸው። ስምህንስ ማን ስጥ አለህ?» አለችኝ። «እኔ እኮ አልሰጠሁም እማዬ፣ ሰረቁኝ እንጂ» አልኳት።

አንተ የረሳኸው ከሆነ ላስታውስህ። ጋኑ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ቆሻሻውን የምትቀዳው ጀልባ በማዕበል ቀረች። ሞላብን ብለህ ለወደቡ ብታስታውቅ ቁፋሮው ይቆማል፣ ባንዲራውም ይሄዳል። ጭጋጉ ሲወርድ፣ «ማን ያያል» ብለህ ቫልቩን በገዛ እጅህ አዞርከው። ጓንትህን እንኳ አላወለቅክም። «ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ውሃ የሚሄደው የእናቴ ደጅ ነው» አልኩህ። ሳቅህ። «እናትህ ዘይት ትወዳለች፣ ትጠብስበታለች» አልከኝ። ልዘጋው ሮጥኩ። ደረጃው ራሱ ዘይት ነበር፤ ሳምንት ሙሉ «እናጽዳው» ስንልህ «ቁፋሮው ይቅደም» ያልክበት ደረጃ። ስወድቅ ቫልቩ ክፍት ነበር። መጀመሪያ ወደ እኔ መጣህ፣ ይህንን አልክድህም። ካፖርትህን አውልቀህ ጠቀለልከኝ፣ አለቀስክም። አለቀስክ ዮንግፉ! ያ እንባ ምን ነበር?

ለኔ አዝነህ መስሎኝ ለሆስፒታሉ ዋሸሁልህ። ለሚስቴ ዋሸሁልህ። ለእትዬ ሚያው ፊት ለፊት ዋሸሁ። ያ ባንዲራ ሰው እንዳይጎዳ የተሰቀለ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የተጎዳው ሰው እንዳይታይ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ መልስልኝ። እኔ የዚያን ዕለት ሊውታን ግድብ ላይ ብስክሌት እየነዳሁ ነበር ወይስ ስምንት ቁጥር ላይ ቫልቭ እየረሳሁ? አንድ ደህና እግር ነው ያለኝ፣ ሁለት ቦታ አይቆምም።

ሉዋን ቼንግቢን


ታንጉ፣ 12ኛው ወር፣ ቀን 21

ቼንግቢን፣

ቤትህ መጥቼ እንደዚያ እሸኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። ስድቡን ችዬዋለሁ። እናትህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞራቸውንም ችያለሁ። ግን የሩዪንግን ሥራ ልረሳው አልቻልኩም። ዓሣውን ፊቴ አስቀመጠች፣ የላዩን በላን፣ እኔም አጥንቱን ላነሳ ስል በቾፕስቲኳ ይዛ ገለበጠችው። አንተም እያየህ ነበር። የባሕር ሰው በተቀመጠበት ገበታ ዓሣ አይገለበጥም። መርከቡ ይገለበጥ ማለት ነው፣ ይሙት ማለት ነው። አባቴም አያቴም የዓሣ ጀርባ ሳያዩ ነው የሞቱት። «ውይ፣ እጄ ተሳስቶ ነው፤ መሳሳት ያለ ነው አይደል፣ ቫልቭም ይረሳል» ብላ ሳቀች። በነጋታው ወደ መድረኩ ስሻገር ጀልባዋ ላይ እንደ ሕፃን ገመዱን በሁለት እጄ ሙጭጭ ብዬ ይዤ ነበር።

አንተ የጠየቅከኝን ደጅህ ላይ አልመለስኩም፤ ሩዪንግ ቆማ ነበርና። አሁን ልመልስ። ሁለቱንም ያልኩት እኔ ነኝ። ለሥራ ጉዳት መድን ቢሮው «ቤቱ ነበር» አልኩ፣ ለባሕር ጥበቃው ደግሞ «መድረኩ ላይ ነበር» አልኩ። አንዱ ቢሮ ከተማው ምሥራቅ ነው፣ ሌላው ወደቡ ላይ። አብረው ሻይ አይጠጡም። የባሕር ጥበቃዋ ሴትዮ «ስም ካልሰጣችሁኝ መድረኩን አስዘጋለሁ» ስትል ያንተ ስም ከአፌ ወጣ። ለምን ያንተ? እዚያ ስላልነበርክ። ሌሎቹ ፊቴ ቆመው ያዩኝ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው፣ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

አሁን አስብ፣ እንደ ትልቅ ሰው። አንተ ከእንግዲህ ባሕር አትወጣም፤ ያ እግር አያወጣህም። መርሳት ደግሞ ወንጀል አይደለም፤ ትወቀሳለህ፣ ያልፋል። እኔ ግን «አውቆ ከፈተ» ከተባልኩ እስር ቤት ነኝ። ልጆቹም እንዳላዩ ሆነው ስለፈረሙ አብረውኝ ይጠፋሉ። ሹፋን ሚስቱ ልትወልድ ነው። አንድ ስም ነው የምለምንህ። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በኔ ይሁን፣ የመጋዘኑም ሥራ እንዳለ ነው።

ስለ ዘይቱ የሚጣራበት ጉባኤ በአዲሱ ዓመት መግቢያ በከተማችሁ አዳራሽ ነው። አትምጣ። መራመድ አይችልም እንላለን። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ፣ እሱን ደግሞ ስትችልበት አይቻለሁ።

ወንድሜ ነህ።

ዮንግፉ


ሊውታን፣ 1ኛው ወር፣ ቀን 19፣ 1994

ዮንግፉ፣

ከጉባኤው በኋላ የጻፍከው ደረሰኝ። ሩዪንግ «እሳት ውስጥ ጨምረው» ብላ ነበር፤ አነበብኩት።

ለምን መጣህ ብለሃል። በራሴ እግር አልመጣሁም፣ የመጣሁት በእትዬ ሚያው ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ነው። ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ወንበር አስወጥቼ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩና፣ ከጭቃው የሚመለሱትን ሴቶች እያስቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። የከፈተውን፣ የሮጠውን፣ «መርከብ ነው» ብዬ የዋሸሁትንም ጭምር። አንዷ ምራቋን ተፍታ ሄደች። እትዬ ሚያው ግን እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙኝ።

«ዛጎሉን በርህ ላይ የደፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተም ዓይኔን እያየህ ዋሽተኸኛል። ግን የጉባኤው ዕለት ጋሪው ላይ ትወጣለህ፣ እኔ እነዳለሁ። ከብስክሌት ለሚወድቅ ሰው ሦስት ጎማ ይሻላል።»

የመድን ቢሮውን ሰውዬ ማን ጠራው ብለሃል። ሩዪንግ ናት። ሁለቱ ቢሮዎች አብረው ሻይ አይጠጡም ያልከውን ሳነብላት የክት ቀሚሷን ለበሰችና ወደ ከተማ ሄደች። ምን ብላ እንዳሳመነችው አላውቅም፤ በአዳራሹ በር ይዛው ገብታ ከባሕር ጥበቃዋ ሴትዮ ጎን አስቀመጠችውና ለሁለቱም ሻይ ቀዳችላቸው። እኔን ስታይ ደነገጥክ፣ እሱን ግን ልብ አላልከውም። ከተማ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ይመሳሰልብሃል።

የቀረው ሲሆን አንተም ነበርክ። ሰውዬው ተነስቶ፣ «የዚህ ሰው እግር መድረኩ ላይ ነው የተሰበረው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከአፍህ የወጣው የለመድከው ነው። «አይደለም፣ ፈቃድ ላይ ነበር፣ መንደሩ ነው ከብስክሌት የወደቀው» አልክ። ልጆቹም አንድ በአንድ እየተነሱ «ቤቱ ነበር» አሉ። ሹፋን ሲናገር ድምፁ አልተሰማም፣ ድገመው አሉት፣ ደገመው። እኔ የማዝነው በሹፋን ነው።

ከዚያ ሴትዮዋ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ቁጣ የላትም፣ እንደ ገበያ ዋጋ ነው የጠየቀችው፦ «ቤቱ ከነበረ፣ ታዲያ ቫልቩን ማን ከፈተው?»

አሁን እንደሰማሁት ባንዲራው ወርዷል፣ አንተም ከባሕር ታግደሃል፣ ፍርዱን ትጠብቃለህ። የኔ እግር የሥራ ጉዳት ተብሎ ተመዝግቧል። ለሴቶቹ አዲስ ዘር እንደሚገዛ ቃል ተገብቷል፤ ጭቃው መቼ እንደሚቀበለው ግን የሚያውቅ የለም። እትዬ ሚያው ሰላም ይሉኛል፣ ቤታችን ግን አይገቡም። ይህንን ሁሉ ሰምተሃል። አንተ የምትጠይቀኝ ሌላ ነው። «ሴትዮዋ ያንን ስትጠይቅ ዞሬ አየሁህ፤ እንዴት አስችሎህ ዝም አልክ?» ነው ያልከኝ።

ልንገርህ። ያንን አስተያየትህን አውቀዋለሁ። ክሬኑ ላይ ሰንሰለት ሲጠላለፍብህ፣ አለቃ ሲቆጣህ፣ ባሕሩ ሲነሳ፣ እኔን የምታየኝ እንደዚያ ነበር። እኔም ሳትናገር እነሳ ነበር። በአዳራሹም ስታየኝ ዛጎሉን ረሳሁት። ድምፅ ማጉያውን፣ የእናቴን አካፋ፣ ስሜን፣ ሁሉንም ረሳሁ። ጭንቅ ውስጥ ያለው ወንድሜ ብቻ ታየኝ። «እኔ ነኝ የከፈትኩት» ልልልህ አፌን ከፍቼ፣ የፊተኛውን ወንበር ይዤ ተነሳሁ።

ክራንቹን ሩዪንግ ግድግዳው ጋ አቁማው ነበር። እግሬ አልቻለኝም፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እስክተነፍስ ድረስ ሴትዮዋ ጥያቄዋን ደገመች፣ አንተም አቀረቀርክ፣ አለቀ።

ስለዚህ ተበቀለኝ አትበል፣ እውነት ወዳድ ሆነ ብለህም አታስወራልኝ። እኔማ እንደገና ልዋሽልህ ነበር። ያስቀመጠኝ እግሬ ነው።

ሉዋን ቼንግቢን